በጠዋት አማቴን ፍለጋ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር መጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር ፎቶግራፍ መለጠፍ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ከደጅ አላስወጣ ብሎን ሰበታ ቤታችን ተቀምጠን፣ እኔ ከዱቄት ሙጫ አፍልቼ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ አልበሙን ዘርግቶ። ሙጫው ጓል በጓል ሆነብኝ።

«ይኼ ሙጫ ነው ገንፎ?» አለኝ።

«ገንፎ ከመሰለህ ብላው» አልኩት።

በጣቱ ነክቶ ቀመሰና «ጨው ይጎድለዋል» አለ።

የመጨረሻው ፎቶ የአባቱ ነበር። በደንብ ይያዝ ብዬ ሁለት እጥፍ ሙጫ ቀባሁለት። ለጥፎ መዳፉን እንዳሳረፈበት ትንሽ ቆየና «መስቀል ይለፍና ሱሉልታ አብረን እንሄዳለን። መቃብሩን አንቺ ትጠይቂልኛለሽ» አለኝ።

«አንተስ፣ አፍ የለህም?» አልኩት። ሳቀ። ሐምሌ ሲገባ ታመመ፤ ሐምሌ ሳይወጣ ሞተ።

ስለዚህ መጠየቅ ስለሚባለው ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። ደምሴ መጠየቅ የማይችል ሰው ነበር። አንድ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም። አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያፍር ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ሰበታ የሚወርድ ከጠፋ ተፍኪ ድረስ ይሄድና በእግሩ ይመለሳል። እኔንም ያገባኝ ሽማግሌ መላክ የሚባል ልማድ ስላለ ብቻ ነው። ራስህ ጠይቅ ቢባል ኖሮ እስከ ዛሬ አባቴ አጥር ሥር ቆሞ ነበር።

አባቱ የአየርላንድ ሰው ነው። አየርላንድ የት እንደሆነች እኔን አትጠይቁኝ፤ ደምሴ ከእንግሊዝ አጠገብ ያለች፣ ክረምቷ የማያልቅ አገር ናት ይላል። «እንግሊዝ ነው በላ» ያለውን ሰው ግን አያድርገኝ። ያ ዝምተኛ ሰው በዕድሜው የተቆጣው በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። ሰውየው በምኒልክ ጊዜ በጅቡቲ በኩል መጥቶ፣ ፈረስና በቅሎ እያከመ ሲዞር ሱሉልታ ላይ ወርቅነሽ የምትባል ልጅ አግብቶ እዚያው ቀረ። ስሙ ማይክል ነው፤ እኛ ሚካኤል አደረግነው። ደምሴ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ወርቅነሽም ብዙ አልቆየችም፤ ልጁን ክርስትና እናቱ ወደ ሰበታ አምጥታ አሳደገችው። ከአባቱ የወረሰው ፀሐይ ሲነካው እንደ በርበሬ የሚቀላ ፊት፣ አፍንጫው ላይ የተበተነ ጠቃጠቆ እና ያ አንድ ፎቶግራፍ ነው።

እኛ ልጅ አልወለድንም። ደምሴ ሰበታ ሲቀበር በዙሪያው ካሉት ሙታን አንድም የሥጋ ዘመድ አልነበረውም። ይኼ ነገር ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሳኝ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ የአባቱን መቃብር አግኝቼ አንድ እፍኝ አፈር አመጣለትና መቃብሩ ላይ አደርግለታለሁ ብዬ ማልሁ። የዕድራችን ሴቶች «ሐዘንተኛ እቤቷ ትቀመጣለች እንጂ አፈር ፍለጋ አትዞርም» አሉ። ፊትም በእኔ ደስተኞች አልነበሩም። በቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። እንባዬ እምቢ አለ፤ ምን ላድርግ። ጎረቤቴ ጥሩነሽ ናት በራሷም በእኔም ድርሻ ያለቀሰችው። ልቅሶ ሰምታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ገበያ ስትሄድ ድንኳን ካየች ቅርጫቷን አስቀምጣ ትገባለች። «ብቻሽን አትሄጂም» ብላ የተከተለችኝም እሷው ናት።

ጉዞው ገና ከቤት ሳይወጣ ተበላሸ። ከፎቶው ጀርባ በፈረንጅ ፊደል ጽሑፍ እንዳለ አውቃለሁ። ጽሑፉን የሚያነብልኝ ሰው ጋ ልወስደው ስል፣ ሁለት እጥፍ ሙጫ የቀባሁት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ፎቶው አልበሙ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ማንቆርቆሪያ ጥጄ በእንፋሎት አስለቀቅሁት። ፎቶው ለቀቀ፤ ጽሑፉም ለቀቀ። ሰማያዊው ቀለም ከሙጫው ጋር ተለውሶ ጣቴ ላይ ቀረ። አማቴ ስለ ራሱ የጻፈውን ሁሉ በሳሙና ታጥቤ አፈሰስኩት።

የቀረኝ ፊቱ ብቻ ነው፦ ጢማም ፈረንጅ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት በቅሎ፣ የድንጋይ ካብ፣ አንድ ጽድ። እንዳይታጠፍብኝ ባለመስታወት ክፈፍ ፈለግሁለት። ቤት ያለው ክፈፍ አንድ ነው፤ ለቀብሩ ዕለት የደምሴን ጉርድ ፎቶ ያስገባንበትና ጥጉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የሰፋንበት። የደምሴን ላወጣው አልቻልኩም። የአባቱን ከላዩ ላይ ደርቤ ዘጋሁት። አባትና ልጅ አንድ ላይ ቢጓዙ ምን ይላቸዋል ብዬ።

ሱሉልታ ሰፊ አገር ነው፤ ቦታውን ከፎቶው የሚለይልኝ ሰው ፍለጋ መጀመሪያ ቡራዩ ሄድን። እዚያ አቶ ካሣ የሚባሉ፣ ከአንድ አርመን ፎቶ አንሺ ጋር ሠርተው ያረጁ ሽማግሌ አሉ። ፎቶውን በማጉያ መነጽር ሥር አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይኼ የተነሣው በጠዋት ነው» አሉ።

«እሺ» አልኩ።

«በቅሎዋ ጆሮዋን አንቀሳቅሳለች።»

«እሺ።»

«ሰውየው ጫማው ጠቦታል።»

ጥሩነሽ ጎኔን በክርኗ ነካ አድርጋ «ጫማ ልንገዛለት ነው እንዴ የመጣነው?» አለችኝ።

አቶ ካሣ ሰምተው አልሰሙም። «ይኼ ካብ የቤተ ክርስቲያን አጥር ነው። ከኋላው ያለው ተራራ እንጦጦ ነው፤ ግን ጀርባው ነው» አሉ። እንጦጦ ጀርባ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «እንግዲህ በሱሉልታ በኩል ነው። ነገር ግን ልጄ፣ ያኔ ቄሶቹ ፈረንጅ በግቢያቸው አይቀብሩም። ዝም ብለሽ ዳገት ከምትወጪ መጀመሪያ አዲስ አበባ የፈረንጆቹን መቃብር እዪ።»

የፈረንጆቹ መቃብር ዘበኛ ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚደርስ፣ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። «የምን አገር ፈረንጅ ነው የሚፈልጉት?» አለኝ፣ ልክ እንደ ባለሱቅ።

«አየርላንድ።»

አሰበ። «ግሪክ አለ። አርመን በዚያ በኩል ነው። ጣሊያን እንደ ልብ ነው። አየርላንድ አልገባልንም።»

«ደህና አድርገህ አስብ እስቲ፣ ወንድሜ» አለችው ጥሩነሽ።

ጥግ ላይ ወዳለ፣ ሣር ወዳለበሰው ድንጋይ ወሰደን። «ይኸውልዎት። ስሙ ጠፍቷል፤ ጠያቂም መጥቶለት አያውቅም። ከፈለጉ ይውሰዱት።»

ሰውየው ከልቡ ነው፤ አዝኖልኝ ነው። ጥሩነሽ ድንጋዩን ዞር ብላ አየችና ቀስ ብላ «ጥሩ መቃብር ነው» አለችኝ። «አፈሩም ለስላሳ ነው። አንድ እፍኝ ዝገኚና እንሂድ። ማን ያውቅብሻል?»

አልዋሽም፣ እግሬም ደክሞት ስለነበር ጎንበስ ብዬ ነበር። ግን ደምሴ እንግሊዝ ሲሉት እንዴት እንደሚቆጣ ትዝ አለኝ። በባዕድ ግሪክ አፈር ሥር ላሳድረው ነው? እጄን አራግፌ ተነሣሁ።

ጉለሌ የጥሩነሽ እህት ቤት አድረን በማግስቱ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዝን። ጥሩነሽ ስንሳፈር «ጥብጣቡን ፍቺው» ብላኝ ነበር። «ተሰፍቷል» አልኳት። «በዚህ ሰዓትስ ሰው ቤት ይኬዳል?» አለችኝ። «አውቶቡሱ የሚሄደው በዚህ ሰዓት ነው» አልኳት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ሱሉልታ ስንወርድ ውርጩ ሣሩን ገና አለቀቀውም። ሰማዩ እየቀላ ነው። እስቲ አሁን እኔን ከሩቅ እዩኝ፦ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ደረቷ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ያለው የሰው ፎቶ ታቅፋ፣ ከጎኗ አጃቢ አስከትላ፣ ወፍ ሲንጫጫ ወደ ሰው መንደር ስትገባ። በዚህ አገር መርዶ የሚነገረው በጠዋት መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት።

እንስራ ያዘለች ሴት አገኘን። «አከም ቡልተን?» አልኳት፣ እንዴት አደራችሁ ለማለት። መልሷን ሳልጠብቅ ፎቶውን ወደሷ አዞርኩና «የዚህን ሰው ዘመዶች ፈልጌ ነበር» አልኩ።

ሴትየዋ እኔን አየች፣ ጥብጣቡን አየች፣ ጥሩነሽን አየች። እንስራዋን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ወዮ!» አለች።

አንድ በር ተከፈተ። ሌላ በር ተከፈተ። ሰዎች ጋቢያቸውን እየተከናነቡ መጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማንነቱ ኋላ ይደረስበታል። እኔ «ቆይ፣ መርዶ አይደለም» እላለሁ፤ እነሱም መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ እንደሚል ያውቃሉ። ጥሩነሽን እንድታስረዳልኝ ዞር ስል፣ ጥሩነሽ የለችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ገብታለች።

«ቤትህ ለእንግዳ ክፍት፣ እጅህ ለድሃ ሰፊ» ትላለች ደረቷን እየመታች። አማቴን የምታውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው፤ ማለትም ጫማው እንደጠበበው ብቻ።

እጇን ይዤ ጎተትኳት። «ጥሩነሽ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ጀመሩት እኮ» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ዝም ብዬ ብቆም ምን ይሉኛል?»

ድንጋይ ላይ ወጣሁና በተቻለኝ ድምፅ «ወገኖቼ፣ ይኼ ሰው ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል» አልኩ።

ልክ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። ልቅሶው እጥፍ ሆነ። አዴ ጫልቱ የሚሏቸው አሮጊት ከመሐል ወጥተው «ደበቃችሁን!» አሉኝ። «ሞቶ ቀብራችሁት፣ ተዝካሩን በልታችሁ፣ ዛሬ ነው የምትነግሩን? ምን በደልናችሁ?» እኔ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። የምን ይቅርታ እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ፀሐይ ስትሞቅ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ንፍሮ ተጥዷል። የድንኳኑን ገመድ የሚወጥረውን ሰውዬ ለብቻው ወሰድኩትና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። በደንብ አዳመጠኝ። «ገባኝ፣ እመቤቴ» አለ። «ግን ድንኳን አንዴ ከተተከለ ሰው ሳይለቀስበት አይነቀልም። እርስዎ ገብተው ይቀመጡ፤ ሟቹን ቀስ ብለን እንፈልጋለን።»

ገብቼ ተቀመጥኩ።

ሟቹን ያገኙት ኦቦ ጉታ ናቸው። የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዘንጋቸውን እያስቀደሙ ገቡ፣ ሰውም ተነሣላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ፎቶውን ወደ ድንኳኑ በር ይዘውት ወጡ። ፎቶውን አፍንጫቸው ድረስ አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ሰውየው አልታይ አለኝ» አሉ። «በቅሎዋን ግን አውቃታለሁ።» ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቅልጥማቸው ላይ ያለ አሮጌ ጠባሳ አሳዩ። «ይኼ የሷ ነው። ሐኪሙ የሌሎችን ሰዎች በቅሎ ጠባይ ያስተምራል፤ የራሱን ማስተማር አቃተው።» ቀጥለው በዝግታ «ይኼ እንግዲህ ሚካኤል ነው። የእህቴ የወርቅነሽ ባል» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉ ሁሉ ያለቀሱለት ሰው ፈረንጅ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰሙት። አዴ ጫልቱ እንባቸውን ጠርገው «ታዲያ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?» አሉ።

«ለሚካኤል ነዋ» አሏቸው ኦቦ ጉታ። «ያኔ አልተለቀሰለትም። ሳንባው ታሞ በሦስት ቀን ሞተ። ቄሶቹ ሃይማኖቱ ሌላ ነው ብለው ግቢ አናስገባም አሉ። ሰውም ለፈረንጅ ይለቀሳል አይለቀስም ብሎ ሲያመነታ ዋለ። ወርቅነሽ ብቻዋን አለቀሰች። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ እግሬን በቅሎዋ ስለመታችኝ ቂም ይዤ አልሄድኩም።» ዙሪያውን አዩ። «እንግዲህ ተቀመጡ። ዛሬ ይለቀስለት።»

ሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። ጥሩነሽ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየችኝ።

ኦቦ ጉታ ክፈፉን እንደያዙ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «እኔ የልጁ ኤሱማ ነኝ፣ የእናቱ ወንድም» አሉኝ። «አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ክርስትና እናቱ ወሰደችው፤ ወዴት እንደሄደ አላወቅንም። እሱስ ወዴት ደረሰ? አንቺ ምኑ ነሽ?»

ከጎህ ጀምሮ መርዶ አይደለም፣ መርዶ አይደለም ስል ነበር። መርዶ ይዤ እንደመጣሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እንደኔ ያለ ሞኝ መርዶ ነጋሪ ግን አይኖርም፤ የተሳሳተ ሰው ሳስለቅስ ነው ያረፈድኩት።

ክፈፉን ከእጃቸው ወስጄ የጀርባውን መዝጊያ ከፈትኩ። የአባትየውን ፎቶ ከላይ ሳብኩት። የደምሴ ፊት ወጣ። ለእሳቸው ሰጠኋቸው።

ኦቦ ጉታ ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። አዴ ጫልቱም በትከሻቸው ላይ አጮለቁ።

«ይኼማ ቀላድ ጣዩ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ።

«የምን ቀላድ ጣይ?» አልኩ።

«መሬት የሚለካው፣ ከመንግሥት የሚመጣው። ይኼ ቀዩ ሰውዬ ነዋ። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ይመጣል። ከጽዱ ሥር ቆሞ ይውልና አንድ ቃል ሳይናገር ይሄዳል። ለክቶ ግብር ሊጨምርብን ነው ብለን ስንት ዓመት በሬዎቻችንን ጫካ ስንደብቅ ኖርን።»

«አንድ ጊዜ» አለ ባለገመዱ ሰውዬ ከበሩ ላይ፣ «ከኔ ቅቤ ገዛ። ዋጋውን እንኳ አልተከራከረም። ያን ጊዜ ነው የመንግሥት ሰው መሆኑን ያረጋገጥነው።»

ቅቤው ትዝ አለኝ። ደምሴ በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለፋብሪካው ሥራ ጫንጮ ይሄድ ነበር፤ ለእኔ የሚለኝ እንደዚያ ነው። ሲመለስ በቅል ቅቤ ያመጣልኛል። የጫንጮ ቅቤ እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ ኖርኩ። ለካ መቃብሩን አግኝቶታል። ዘመዶቹንም አግኝቷቸዋል፤ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ቆሞ እነሱ እሱን ሲፈሩ፣ እሱ እነሱን መጠየቅ ሲያፍር ስንት ኅዳር አለፈ። አንቺ ትጠይቂልኛለሽ ያለኝ ይኼን ነው።

«አሁንስ የት ነው ያለው?» አሉኝ ኦቦ ጉታ።

«ሞተ» አልኩ። «ሐምሌ ላይ። ባሌ ነው።»

ይኼን ቃል በራሴ አፍ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሰበታ ላይ ሌሎች ናቸው የተናገሩልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ጥሩነሽ እንደምትለው ድምፄ ከድንኳኑ አልፎ አውራ ጎዳናው ድረስ ተሰምቷል፤ እሷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቅሶ ላይ ሥራ ፈታ ቁጭ ብላ አየች። አዴ ጫልቱ ራሴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «አልቅሺ፣ የኛ ልጅ፣ አልቅሺ። በሬውን የደበቅነው እኛ ነን» ይሉኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱን። ጽዱ እንደ ፎቶው ቆሟል፤ መቃብሩ ከሥሩ ነው። ግን ከካቡ ውስጥ ነው።

«ከግቢ ውጭ ነው የተቀበረው አላሉኝም?» አልኳቸው።

«ውጭ ነበር። ከጣሊያን ወዲህ አጥሩ ፈርሶ ሲታደስ ግቢው ጠበበ ተባለና ካቡን ወደዚህ አወጡት። እሱ ከተኛበት አልተነሣም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የመጣለት።»

አፈሩን የምይዝበት አላዘጋጀሁም። ጥሩነሽ ለመንገድ የቋጠረችውን ንፍሮ አራግፋ መሐረቧን ሰጠችኝ። ሰበታ ደርሼ የደምሴ መቃብር ላይ ስፈታው ከአፈሩ ጋር ሁለት ፍሬ ባቄላ ነበረበት። አላወጣሁትም። ጨው ይጎድለዋል እንደሚል ስለማውቅ ግን ቀድሜ ነገርኩት።

ለሙት ዓመቱ ኦቦ ጉታና አዴ ጫልቱ ከአሥራ አንድ ሰው ጋር በጭነት መኪና መጡ። የዕድራችን ሴቶች የደምሴን ዘመዶች ተነሥተው ተቀበሉ።

አሁን በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ሱሉልታ እሄዳለሁ። ነጭ እለብሳለሁ፤ ክፈፉን በነጠላ ጠቅልዬ ይዤ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እገባለሁ።